የቪዝቢው ግንበኛ

ጋሽ በየነ ማረፋቸውን የሰማሁት ሃቫና በሚባለው የዴንቨር መንገድ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ነው። ልጃቸው ዳንኤል ደወለና ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድም «ጽጌ፣ አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለኝ። እንዲህ ተደርጎ መርዶ ይነገራል? ቤት ድረስ ተሂዶ፣ በማለዳ፣ ከዘመድ ጋር ሆኖ ነው እንጂ! ግን ዳንኤል ምን ያድርግ፣ ስዊድን ተወልዶ ዴንቨር ያደገ ልጅ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ከኋላዬ ጥሩምባ ነፉብኝ። አንድ ጎማ መሸጫ ግቢ ገብቼ ፓርክ አደረግኩና እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

ጋሽ በየነ ዘመዴ አልነበሩም። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም አልነበርንም፤ እሳቸው ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፣ ረቡዕና ዓርብ በመጣ ቁጥር በጾም ነገር ስንነታረክ ነው የምንውለው። የተገናኘነው በሥራ ነው። የምሠራበት ኤጀንሲ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ሄደን እንድንንከባከብ ይልከናል፤ እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ከምኖርበት ከሴንቴኒያል እየተነሳሁ ጠዋት ጠዋት ሎውሪ የሚባል ሰፈር ወዳለው አፓርትመንታቸው እመላለስ ነበር። ግላኮማ ዓይናቸውን ጨርሶ ወስዶታል። ቁርስ እሠራለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ደብዳቤ አነባለሁ፣ ሐኪም ቤት አደርሳለሁ። ብዙ ሽማግሌ ተንከባክቤአለሁ፤ ስማቸው የጠፋብኝም አሉ። እኚህን ሰውዬ ግን አፈር እስክገባ አልረሳቸውም።

የመጀመሪያው ቀን በሩን ስከፍት መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው አገኘኋቸው። ከሰላምታ በፊት በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። «ሰማሽው? ባዶ! ይሄ ግድግዳ አይደለም፣ መጋረጃ ነው።»

«ጋሼ፣ ሦስት ፎቅ የተሸከመ ግድግዳ እኮ ነው።»

«እንግዲያውስ እግዜር ይሁነን!» ብለው ሳቁ።

የትም ብወስዳቸው እንዲሁ ናቸው። ሐኪም ቤት ስንገባ ግድግዳውን፣ ባንክ ስንገባ ዓምዱን ይዳብሳሉ። እኔ ሰው አየን ብዬ እሸማቀቃለሁ፣ እሳቸው ምን ገዷቸው። አንድ ቀን ዳንኤል የሚኖርበት ፓርክ ሂል ይዣቸው ስሄድ አንድ አሮጌ የጡብ ቤት አጠገብ ቆሙና እጃቸው እስከደረሰበት ድረስ ጡቡን ዳሰሱ። «ይሄን የሠራው ሰው አልቸኮለም» አሉ። ከሳቸው አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ሙያቸው ግንበኝነት ነው። ጉለሌ ተወልደው፣ ሙያውን ከአባታቸው ተምረው፣ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጡ። ስዊድን ተቀበለቻቸውና ባሕር መሃል ያለች ጎትላንድ የምትባል ደሴት ላይ አሰፈረቻቸው። የደሴቷ ከተማ ቪዝቢ ትባላለች፤ ሰባት መቶ ዓመት የሆነው የድንጋይ ግንብ ዙሪያዋን አቅፏታል። ግንቡንና የፈራረሱትን ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት የሚጠግን ሠራተኛ ሲፈለግ ጋሽ በየነ ተቀጠሩ። ዘጠኝ ዓመት ሠርተው የባለቤታቸው ወንድም ወዳለበት ወደ ዴንቨር ተሻገሩ። እዚህ ታክሲ ነዱ፣ ሚስታቸውን ቀበሩ፣ ዓይናቸው ሄደ።

ቁርስ ላይ «ጽጌ፣ ዛሬ ወዴት እንውጣ?» ይሉኛል። በመጀመሪያ የእውነት መውጣት ያማራቸው መስሎኝ የመኪና ቁልፌን አነሳሁ። «ተቀመጪ፣ በእግራችን ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቁላላቸውን እየበሉ እኔን ቪዝቢን ያዞሩኝ ጀመር። አንድ ቀን አልሜዳለን ወደሚባለው መናፈሻ እንወርዳለን። ዳክዬ የሚዋኝበት ኩሬ አለው። በጥንት ጊዜ የነጋዴ መርከብ የሚታሰርበት ወደብ ነበር አሉ፤ ባሕሩ ሸሽቶ ሣር በቀለበት። አንድ ቀን ደግሞ አደባባዩ ላይ ያለችውን ጣሪያ የሌላትን ቤተ ክርስቲያን እናያለን። ዓምዶቿና ቅስቶቿ እንዳሉ ቆመው ላይዋ ሰማይ ነው። «በረዶ ሲጥል ውስጧ ይጥላል» ይሉኛል፣ «እኔም እዚያ ቆሜ ጸልያለሁ፤ ከላይ የሚጋርድ የለም።» ከግንቡ ማማዎች መሃል የልጃገረዷ ማማ የሚባል አለ። ከተማዋን ለዴንማርክ ንጉሥ በፍቅር አሳልፋ ሰጠች የተባለች ልጅ በሕይወቷ እዚያ ውስጥ ተገንብቶባታል ይላሉ። ሌላ ሰው ለልጅቷ ያዝናል። ጋሽ በየነ ግን «ያንን ግድግዳ የዘጋው ግንበኛ ያን ቀን እንዴት እራቱን በላ?» አሉ።

እውነቱን ልናገር፣ አሥራ አምስት ዓመት የኖርኩበትን ዴንቨርን እንደዚያች ከተማ አላውቀውም። ማየት የማይችል ሰው ነው እኮ ያሳየኝ! እጃቸውን በአየር ላይ ሲያንቀሳቅሱ ድንጋዩ የሚታየኝ ይመስለኝ ነበር። ግን አንድ ነገር አስተውዬ ነበር። ሰሜን በር የሚሉት የግንቡ በር ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ ይመለሳሉ። «ከዚያ ወዲያስ ምን አለ?» ስላቸው «ሻይ አምጪ» ይሉኛል።

ጠዋት ጠዋት ታብሌታቸው ላይ የስዊድን ሬዲዮ ያዳምጣሉ። በረዶ የጣለ አንድ ቀን ስገባ ሬዲዮው ጠፍቷል፣ እሳቸው ካፖርታቸውን ለብሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምነው ጋሼ? አመመዎት?»

«ግንቡ ተናደ።»

«የቱ ግንብ?»

«የቪዝቢ። አንድ ክፍሉ ወደቀ፤ የት እንደሆነ በደንብ አልነገሩም።»

«ሰው ተጎዳ?»

«የለም ይላሉ።»

«ታዲያ ሰው ካልሞተ ምን አለበት! ድንጋይ አይደል?» አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው! ፊታቸው ልጁ እንደሞተበት ሰው ሆነ። ከዚያ በኋላ «ወዴት እንውጣ» ቀረ። ቁርሳቸውን ቆንጥረው ይተዉታል። እኔ ሞኟ የደም ግፊታቸው ነው ብዬ ሐኪም ቤት አመላልሳቸዋለሁ።

በዓመቱ ስቶክሆልም ያለች የእህቴ ልጅ ልታገባ ሆነ። ስዊድን እንደምሄድ ሲሰማ ቤቴ ገበያ መሰለ። አንዷ ለወንድሟ ጫማ፣ አንዱ ለእናቱ ቫይታሚን፣ ሌላዋ «ትንሽ ናት» ብላ ሻንጣ የሚሞላ የሕፃን ልብስ አመጡልኝ። ለአበሻ መንገደኛ ሻንጣው የራሱ ሆኖ አያውቅም። ጋሽ በየነንም ቀድሜ አስጠነቀቅኳቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ለጓደኛዬ ምናምን እንዳይሉኝ፣ ሞልቷል!»

«የእኔ አይከብድም» አሉ። «ዓይንሽን ነው የምፈልገው። ሠርጉ ሲያልፍ ቪዝቢ ሂጂልኝ።»

ከዚያ ለማንም፣ ለዳንኤልም ለሚስታቸውም ያልተናገሩትን ነገሩኝ።

«የመጨረሻው ዓመት ላይ ፎርማኑ ታመመና ሥራውን ለእኔ ሰጥቶኝ ሄደ። ከሰሜን በር ውጭ አንድ ቦታ መጋጠሚያው ላልቶ ነበር። እዚያ ግንቡ የሚጠገነው በኖራ ብቻ ነው። ኖራ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ በጥፍር ይፋቃል። እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ፤ ጭቃ ለድሃ፣ ሲሚንቶ ላለው ሰው ሲባል ነው ያደግኩት። አባቴ የሰው ቤት በሲሚንቶ ሲሠራ ኖሮ የራሱ ጭቃ ቤት ውስጥ ሞተ። ይሄን የመሰለ ግንብ እንዴት በዚህ ልፍስፍስ ነገር ይጠገናል ብዬ አሳዘነኝ። በደመወዜ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ገዛሁ። ሰው ሳያየኝ ከኖራው ጋር ቀላቅዬ አቦካሁና ገነባሁበት። ስጦታ ነበር ጽጌ። ላስጠጋችኝ ከተማ ስጦታ መስጠቴ ነበር።»

«ታዲያ ምን አጠፉ?»

«ሲሚንቶ አይተነፍስም። ኖራ የገባበትን ውሃ መልሶ ያስወጣዋል፤ ሲሚንቶ ግን ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል። ብርድ ሲመጣ ውሃው በረዶ ሆኖ ያብጥና ድንጋዩን ይገፋዋል። ይሄን ማን ነገረኝ? ዴንቨር መጥቼ ታክሲ ስነዳ፣ ከኤርፖርት ያሳፈርኩት አንድ አሮጌ ቤት የሚያድስ ሰው። ለጨዋታ ነበር ያነሳው። ከዚያ ወዲህ በረዶ በጣለ ቁጥር ያቺ ቦታ ናት የምትታየኝ።»

«ለምን አልጻፉላቸውም?»

«አፈርኩ። እዚያ አገር ስደተኛ ሆኜ ገብቼ በእጄ ተከብሬ ነው የወጣሁት። ፎርማኑ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጠራኝና ‹የዚህን ሰውዬ እጅ እዩልኝ› ይል ነበር። ያለኝ እሱ ስም ነው። እንዴት በገዛ አፌ ላፍርሰው? አሁን ግን ወደቀ አሉ። የወደቀው የእኔ ይሁን አይሁን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

ሠርጉ ካለፈ በኋላ፣ በሰኔ፣ ከስቶክሆልም በአውቶቡስ፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት ከምናምን በመርከብ ሄድኩ። ከመርከቡ ወርጄ በቫይበር ደወልኩላቸው። ቪዝቢ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ነው፣ ዴንቨር ማለዳ አሥራ ሁለት። ገና ሳይጠራ አነሱት።

«ባሕሩን በግራሽ አድርጊና ሂጂ» አሉኝ። «ነፋሱ ግራ ጆሮሽን ካልመታሽ ተሳስተሻል።»

ነፋሱ ግራ ጆሮዬን ነው የመታኝ። ጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ ሄድኩ። ኩሬው ደረስኩ፤ ዳክዬው አለ። ባሩድ ይቀመጥበት የነበረው ማማ ወፍሮ፣ አጭር ሆኖ፣ እንዳሉት ቆሟል። «አሁን ባሕሩን ትተሽ ወደ ውስጥ ግቢ፤ ጣሪያው እንደ ደረጃ የተቆረጠ ረጅም ቤት ይታይሻል፣ የዱሮ መድኃኒት ቤት ነው» አሉኝ። ቀና ስል ፊቴ ቆሟል! በቁሜ አማተብኩ። ከዚያ የዓሣ አጥማጆቹ መንገድ አስገቡኝ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ ነው፤ ቤቶቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ በየበሩ ጽጌረዳ ግድግዳውን ይዞ ወጥቷል።

«ማዕዘኑ ላይ ዳቦ ይሸታል» አሉ።

«አይሸትም ጋሼ። የቱሪስት ቆብ የሚሸጥ ሱቅ ነው።»

«ኤጭ! ይሁን፣ ወደ ላይ ውጪ።»

ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጋ ስደርስ ልማድ ነውና በሩ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ እግሬን አየ፣ ጫማዬን አየ፣ እንደገና እግሬን አየ። በስልኩ «ጫማሽን እንዳታወልቂ፣ ወለሉ በሰኔም ይቀዘቅዛል» ሲሉኝ አንዱ ካልሲዬ ቀድሞ ድንጋዩ ላይ ነበር። በመሃሉ ዘጠኝ ሰዓት ሞላና ደወሉ ተደወለ። «ስልኩን ወደ ላይ ያዢው!» ብለው ጮኹ። ያዝኩት። ደወሉ ሲያበቃ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ጋሼ?» ስል አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደ ገደሉ አናት የሚያስወጣ ደረጃ አለ። «ከመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች አንዱ በግራ በኩል ተበልቷል፣ እግርሽን ቀኙ ላይ አድርጊ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ እውነትም ተበልቷል። እናቴ ትሙት፣ ፀጉሬ ቆመ! አናቱ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ቀዩ ጣሪያ፣ ጥቁር ቆብ ያደረጉት የትልቁ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ማማዎች፣ የፈረሱት ቤተ ክርስቲያኖች፣ ከወዲያ ባሕሩ። ይሄን ሁሉ እኔ በሁለት ዓይኔ እያየሁ ነው፤ አንድ ዓይነ ስውር ሰው ደግሞ ሎውሪ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ከእኔ አጥርቶ ያየዋል። ሰው እንዲህም ያስታውሳል እንዴ? እስከዛሬ ይገርመኛል።

«በቃ፣ አሁን ግራሽን ይዘሽ ወደ ሰሜን በር» አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ።

በሩን ወጥቼ ቀኜን ይዤ ግንቡን ተጠግቼ ሄድኩ። ራቅ ብሎ አጥር አለ፣ ከአጥሩ ጀርባ መወጣጫ ተሠርቶ ሰዎች ድንጋይ ይደረድራሉ። የወደቀው እሱ ነው። የእሳቸውን ቦታ ከበሩ ቀጥሎ ካለው ማማ በእርምጃ ነግረውኛል፤ ቆጠርኩ። የሳቸው ከወደቀው ብዙ ይርቃል።

«ጋሼ የእርስዎ አይደለም! ሌላ ቦታ ነው የወደቀው! እልል ልበል?»

«እልል አትበይ። የእኔን እዪልኝ። ከጉልበቴ እስከ ትከሻዬ ነው።»

አየሁ። እንዴት ልንገራቸው? በነጣው መጋጠሚያ መሃል ግራጫ የሆነ ቦታ አለ። ከሥሩ ድንጋዩ እንደ ብስኩት ተፈርፍሯል፣ መሃሉ ሆዱን ነፍቷል፣ ጣቴ የሚገባበት ስንጥቅ አለው። ከሥሩ የእግር መንገድ ያልፋል፤ አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ሄደች። እኔ በሥራዬ «ደህና ነው፣ ምንም አይልም» ማለት ለምዶብኛል። አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ።

«ጽጌ፣ የሐኪም ወረቀት ስታነቢልኝ የምታመጪያትን ድምፅ አታምጪብኝ። ያየሽውን ተናገሪ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሪውንም ነገርኳቸው።

«ከሠራተኞቹ አንዱን ጥሪልኝ» አሉ።

«ጋሼ ይተዉት! ሃያ ስድስት ዓመት! ማን ያውቃል? ማንስ ይጠይቅዎታል? እኔ ‹እዚህ ጋ ስንጥቅ አየሁ› ብዬ አሳያቸዋለሁ፣ ስምዎ ለምን ይነሳል?»

«ስንጥቁን ብቻ ካሳየሻቸው ከላይ ይደፍኑታል። ሲሚንቶው እስከየት እንደገባ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ወረቀት ላይ የለም። ጥሪልኝ አልኩሽ!»

ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር። ሄድኩ። ሱሪዋ በኖራ የነጣ፣ የብረት ቆብ ያደረገች ሴት የሠራተኞቹ አለቃ መሆኗን ነገሩኝ። ስልኩን ሰጠኋት። ጋሽ በየነ በስዊድንኛ ጀመሩ። እኔ የገባኝ ስማቸውና «ሲሚንቶ» የሚለው ብቻ ነው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። ኪሷ ውስጥ ደብተር ፈለገች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ወደ ቦታው ሄደችና መዳፏን ግንቡ ላይ ለጠፈች፤ ልክ እንደሳቸው፣ ከሰላምታ በፊት ግድግዳ እንደሚነኩት። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ጣቷን ታንቀሳቅሳለች፣ እሳቸው ያርማሉ፣ እሷ በጠመኔ ታሰምራለች። ከዴንቨር ሆነው ስዊድን ያለ ግንብ ላይ መስመር አሰመሩ!

ሲጨርሱ ስልኩን መለሰችልኝና በእንግሊዝኛ «የት ነው የሚኖሩት? አነጋገራቸው የደሴታችን ሽማግሌዎች አነጋገር ነው፤ እኔ እንኳን እንደሳቸው አልናገርም» አለችኝ። አድራሻቸውን ደብተሯ ላይ ጻፍኩላት።

«ምን አለችዎት ጋሼ? ተቆጣች?»

«ስሜን ጠየቀችኝ። ከነአባቴ ነገርኳት።» ድምፃቸው ደክሟል። «በዚያ ጊዜ ሲሚንቶ የተጠቀመ ሌላም ሰው ነበር አለችኝ። ተነስቶ የነገራት ግን የለም። ብርዱ ሳይገባ ይከፍቱታል። አሁን ጫማሽን አድርገሽ ከሆነ ወደ መርከብሽ ሂጂ።»

በጥቅምት አንድ ጠዋት ስገባ ከበሩ ሥር የስዊድን ቴምብር ያለበት ትንሽ ካርቶን አገኘሁ። ከፈትኩላቸው። አንድ ፎቶና አጭር ደብዳቤ አለው፤ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ስለነበር አነበብኩላቸው። ቦታው በኖራ ተጠግኖ አልቋል፣ በሥራው መዝገብ ላይም «ቦታውን ያሳዩን ግንበኛ በየነ» ተብሎ ተጽፏል ይላል። ከሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ፈታሁትና እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት፤ ከቡጢ የማይበልጥ ግራጫ የሲሚንቶ ስባሪ ነው።

ለረዥም ጊዜ ዳሰሱት። ጎኑን ሁሉ በጥፍራቸው ፈተሹት። «የግንቡ ድንጋይ ተጣብቆበት ወጥቷል? ሲነሳ ድንጋዩን ገንጥሎት እንደሆነ ብዬ ነው» ብለው ጠየቁኝ። አገላብጬ አየሁላቸው። የለም፣ ምንም አልያዘም አልኳቸው። ላጽናናቸው ያልኩት መስሏቸው ነው መሰለኝ ደግመው ራሳቸው ፈተሹ። ከዚያ እጃቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑት።

«ጽጌ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የተሸከምኩት ይቺን ነው?» አሉኝ።